«ሽንትሽ ንጹህ ነው» ከተባለ በኋላ
የሽንት ፊኛ ሕመም፣ ሂስታሚን እና የአንጀት ባክቴሪያዎች

ዛሬ የምናነሣው ብዙ ሰው፣ በተለይም ብዙ ሴት፣ ሐኪም ፊት እንኳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚያወራውን ሕመም ነው፤ ወራትና ዓመታት ስለሚዘልቅ የሽንት ፊኛ ሕመም።

ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ይጀምራል። ከእምብርት በታች፣ ከብልት አጥንት በላይ ያለው ቦታ ያማል። ሽንት ቶሎ ቶሎ ይመጣል። ሲሸና ፋታ ይገኛል፤ ፊኛው መሙላት ሲጀምር ሕመሙ ይመለሳል። ሌሊት ደጋግሞ መነሣት ይከተላል። ታማሚዋ ጤና ጣቢያ ትሄዳለች፣ «የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው» ትባላለች፣ አንቲባዮቲክ ይሰጣታል። ጥቂት ቀን ሻል ይላታል፤ ከዚያ ያው ይሆናል። በሁለተኛው ዙር ሐኪም ዘንድ መሄዱን ትተዋለች፤ የድሮውን ካርቶን ይዛ መድኃኒት ቤት ትገባና ያንኑ ትገዛለች። ጎረቤቷ «ብርድ ነው፣ ቀዝቃዛ ላይ ተቀምጠሽ ነው» ትላታለች። በመጨረሻ ሽንቷ ካልቸር ሲደረግ ምንም ጀርም አይበቅልም። «ሽንትሽ ንጹህ ነው፤ ምንም የለብሽም» ተብላ ትሸኛለች።

የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር እውነት ነው። ሁለተኛው ግን ስሕተት ነው። ካልቸሩ የተጠየቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ጀርም አለ ወይስ የለም? ሕመም አለ ወይስ የለም የሚለውን ማንም አልጠየቀውም።

ይህ ሕመም በሕክምናው ዓለም ኢንተርስቲሻል ሲስታይቲስ ይባላል፤ የፊኛ ሕመም ሲንድረም ተብሎም ይጠራል። በውጭ አገር ሆናችሁ የምታደምጡን ለሐኪማችሁ የመጀመሪያውን ስም ብትጠሩለት ይገባዋል። የአሜሪካ የዩሮሎጂ ማኅበር በሚሠራበት ትርጓሜ መሠረት፣ ከፊኛ የሚመጣ የሚመስል ሕመም፣ ግፊት ወይም ምቾት ማጣት፣ ከሽንት መመላለስ ጋር ሆኖ ከ6 ሳምንት በላይ ከቆየና ኢንፌክሽንም ሆነ ሌላ ግልጽ ምክንያት ካልተገኘለት በዚህ ስም ይመደባል።

ዛሬ የማወራችሁን ዓመተ ምሕረት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ያዙልኝ። በ1915 በባልቲሞር በጆንስ ሆፕኪንስ ይሠራ የነበረው ጋይ ሃነር የተባለ ሐኪም በአንዳንድ ሴቶች ፊኛ ግድግዳ ላይ ለየት ያለ ቁስል ማየቱን ጻፈ። ያ ቁስል እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ይሁንና በኋላ እንደታየው ከታማሚዎቹ ብዙዎቹ ቁስሉ የለባቸውም። በካሜራ ውስጡ ሲታይ ግድግዳው ጤነኛ ይመስላል። የሚታይ ነገር ባለመኖሩም ለብዙ አሥርት ዓመታት ሕመሙ «የነርቭ ነው፣ የጭንቀት ነው፣ ሴቶች ያጋንናሉ» እየተባለ ታልፏል። አሜሪካ ውስጥ ነገሩ መለወጥ የጀመረው በ1980ዎቹ ነው። ራሷ በሕመሙ ትሠቃይ የነበረች ቪኪ ራትነር የተባለች የሕክምና ተማሪ በ1984 የታማሚዎች ማኅበር አቋቋመች። ከዚያ በኋላ የመንግሥት የምርምር ገንዘብ መጣ፣ ቆጠራም ተሠራ። በ2011 የወጣ አንድ ሰፊ ጥናት በአሜሪካ ብቻ ከ3.3 ሚሊዮን እስከ 7.9 ሚሊዮን የሚደርሱ አዋቂ ሴቶች የዚህ ሕመም ምልክቶች እንዳሉባቸው ገመተ። ወንዶችም ይታመማሉ፤ ብዙ ጊዜ ግን የፕሮስቴት ነው እየተባለ ይታለፋል።

እንግዲህ ጀርም ከሌለ፣ ቁስልም ካልታየ፣ ሕመሙ ከየት መጣ? መልሱ አንድ አይደለም። ዛሬ ከመልሶቹ ሁለቱን እንይ፤ ሁለቱም መጨረሻ ላይ ይገናኛሉ።

አንደኛው ሂስታሚን ነው። ስሙን የምታውቁት ከአለርጂ ጋር ይሆናል፤ ለጉንፋን፣ ለማሳከክና ለሽፍታ የሚታዘዙት እንቅልፍ እንቅልፍ የሚያሰኙ ክኒኖች የሚከለክሉት እርሱን ነው። ሂስታሚን ሰውነታችን ራሱ የሚሠራው ኬሚካል ነው። በብዛት የሚያከማቹት ማስት ሴል የሚባሉ ሕዋሳት ናቸው፤ እነዚህን ሕዋሳት በ1878 ለይቶ ስም ያወጣላቸው ጀርመናዊው ፓውል ኤርሊኽ ነበር። ማስት ሴሎች ሰውነት ከውጭው ዓለም ጋር በሚገናኝባቸው ቦታዎች ሁሉ ይኖራሉ፦ በቆዳ፣ በአየር ቧንቧ፣ በአንጀት፣ እንዲሁም በፊኛ ግድግዳ። ውስጣቸው በጥቃቅን ከረጢቶች የተሞላ ነው። አለርጂ፣ ኢንፌክሽን፣ የጭንቀት ሆርሞን ወይም ከነርቭ ጫፍ የሚወጣ ኬሚካል ሲቀሰቅሳቸው ከረጢቶቹን ወደ ውጭ ያራግፋሉ።

የሚራገፈው ሂስታሚን እንደየቦታው ሥራው ይለያያል። በቆዳ ላይ ያሳክካል፣ ያሳብጣል። በአየር ቧንቧ መተንፈሻውን ያጠባል። በፊኛ ውስጥ ደግሞ የነርቮቹን ጫፍ ያነቃል፤ ወትሮ ዝም ብለው የፊኛውን መሙላት ይዘግቡ የነበሩ ነርቮች ትንሽ ሽንት ሲጠራቀም እንኳ እንደ ሕመም አድርገው ይናገራሉ። በዚያ ላይ የተቀሰቀሰው ነርቭ ራሱ ሌላ ኬሚካል ይረጫል፤ ያም ተመልሶ ማስት ሴሉን ይቀሰቅሳል። ዙሩ እንዲህ ይቀጥላል፤ መጀመሪያ የቀሰቀሰው ነገር፣ ለምሳሌ እውነተኛ ኢንፌክሽን፣ ከጠፋ ከረጅም ጊዜ በኋላም ሳይቆም ሊቀር ይችላል።

ከታማሚዎች ፊኛ በተወሰደ ናሙና ላይ፣ በተለይ የሃነር ቁስል ባለባቸው ዘንድ፣ ማስት ሴሎች በዝተው ይታያሉ። ይበልጥ የሚገርመው ግን በቺካጎ በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ በአይጦች ላይ ተሠርቶ በ2008 የታተመው ሙከራ ነው። ተመራማሪዎቹ በአይጦች ላይ የፊኛ ብግነት አስነሡ። ማስት ሴል በሌላቸው አይጦች ላይ የዳሌ ሕመሙ አልታየም። የሂስታሚን ተቀባዮች በመድኃኒት ሲዘጉም ሕመሙ ቀነሰ። የፊኛውን ግድግዳ የሚጎዳው ግን ከዚያው ከማስት ሴል የሚወጣ ሌላ ኬሚካል ሆኖ ተገኘ። ይህን ልብ በሉልኝ፦ ሕመሙና የሚታየው ጉዳት የመጡት በሁለት የተለያዩ መንገዶች ነው። ካሜራው ጤነኛ ግድግዳ ያየባት ሴት በሕመም የምትሠቃየው ለምን እንደሆነ ፍንጭ የሚሰጠው ይህ ነው። የአይጥ ሙከራ ነው፤ ቢሆንም «ምንም አልታየም፣ ስለዚህ ምንም የለም» ለሚለው አነጋገር ትልቅ ማፍረሻ ነው።

ለጨዋታ ያህል፣ በ2020 የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ሂስታሚን የአይጥ ፊኛን ነርቮች የሚያስቆጣው በየትኛው በር ገብቶ እንደሆነ ሲፈትሹ አንዱ በር ሚጥሚጣ ምላሳችንን የሚያቃጥልበት ያው ተቀባይ ሆኖ አግኝተውታል።

ታዲያ የአለርጂ ክኒን መዋጥ ነው በቃ? እዚህ ላይ ቆም እንበል። ሃይድሮክሲዚን የተባለው የቆየ የአለርጂ መድኃኒት በታማሚዎች ላይ በወጉ ተሞክሯል። በ2003 በታተመው በ121 ሰዎች ላይ በተደረገው ጥናት፣ ከወሰዱት 31 በመቶው ተሻለን አሉ፤ ካልወሰዱት ደግሞ 20 በመቶው ተሻለን አሉ። ልዩነቱ በአጋጣሚ ሊመጣ ከሚችለው የሚበልጥ አልነበረም። የአሜሪካ ዩሮሎጂስቶች መመሪያ መድኃኒቱን ከሚሞከሩት መካከል ይዘረዝረዋል፤ አለርጂ ላለባቸው ታማሚዎች የሚመርጡት ሐኪሞችም አሉ። የእኔ ግምት ሂስታሚን በታሪኩ ውስጥ እውነተኛ ገጸ ባሕርይ መሆኑ ነው፤ ታሪኩ ሁሉ ግን እርሱ አይደለም። መድኃኒቱም በጎረቤት ምክር የሚጀመር አይደለም። እንቅልፍ ያመጣል፣ መኪና ለሚነዳ አደጋ ነው፤ ፕሮስቴታቸው ያበጠ ወንዶችን ሽንት ጭራሽ ሊከለክል ይችላል፤ የልብ ምት ችግር ላለበትም አይመከርም።

አሁን ወደ አንጀት እንለፍ።

የዚህ ሕመም ታማሚዎች ሐኪም ፊት ሲቀመጡ ስለ ፊኛ ጀምረው ብዙ ጊዜ ሆድ ላይ ይደርሳሉ፦ መነፋት፣ ቁርጠት፣ አንዴ ተቅማጥ አንዴ ድርቀት። በአጋጣሚ አይደለም። ከትልቁ አንጀትና ከፊኛ የሚነሡ ነርቮች ወደ አከርካሪ ሲገቡ ይገናኛሉ፤ አንዳንዱ የነርቭ ሕዋስም ቅርንጫፉ ወደ ሁለቱም ይዘረጋል። ሁለት ቤቶች በአንድ የመብራት ቆጣሪ ሲጠቀሙ አንደኛው ምጣድ ሲሰካ የሌላው አምፖል ይደበዝዝ የለ? እንዲያ ነው። በፒትስበርግ ተመራማሪዎች የአይጥን አንጀት ብቻ አስቆጥተው፣ ያልነኩት ፊኛ ሲነጫነጭ አይተዋል። በዚያ ፊኛ ውስጥ የማስት ሴሎች ቁጥርም ጨምሮ ተገኝቷል።

በዚያው አንጀት ውስጥ ደግሞ ባክቴሪያዎች አሉ፤ ከነርሱም አንዳንዶቹ ሂስታሚን ይሠራሉ። ሥራው ቀላል ነው። በምንበላው ፕሮቲን ውስጥ ሂስቲዲን የሚባል አሚኖ አሲድ አለ፤ ባክቴሪያው ከእርሱ ላይ አንድ ቁራጭ ሲያነሣ ሂስታሚን ይሆናል። በደንብ ሳይቀዘቅዝ የዋለ የቱና ዓሣ የበላ ሰው ፊቱ የሚቀላው፣ ልቡ የሚመታው፣ ራሱን የሚያመው በዚህ ነው፤ ባክቴሪያዎች በዓሣው ሥጋ ላይ ሂስታሚን ሠርተው ጠብቀውታል፤ እሳትም አያጠፋውም። በጤነኛ አንጀት ግድግዳ ላይ ዳያሚን ኦክሲዴዝ የተባለ ኢንዛይም ከምግብም ከባክቴሪያም የሚመጣውን ሂስታሚን እየሰበረ ያሳልፋል። አልኮል ይህን ኢንዛይም ያዳክማል።

በካናዳ የማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2022 ባወጡት ሥራ የሚነጫነጭ አንጀት ሕመም ካለባቸው ሰዎች የአንዳንዶቹን ባክቴሪያ ወደ አይጦች ሲያዛውሩ አይጦቹ ሆዳቸውን ይበልጥ ታመሙ። ዋናው ሂስታሚን ሠሪ ክሌብሲየላ ኤሮጂንስ የተባለ ባክቴሪያ ሆኖ ተገኘ። እርሱ የሚሠራው ሂስታሚን ማስት ሴሎችን ወደ አንጀቱ ግድግዳ ይጠራቸዋል፤ እነርሱ ደግሞ የራሳቸውን ይጨምሩበታል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2017 ከካናዳ የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ እንደ ስንዴ፣ ሽንኩርት፣ ባቄላና ወተት ያሉ አንጀት ውስጥ የሚብላሉ ስኳሮች የበዙባቸውን ምግቦች ለ3 ሳምንት የቀነሱ የአንጀት ታማሚዎችን ሽንት መረመረ። በሽንታቸው ውስጥ ያለው ሂስታሚን ወደ አንድ ስምንተኛ ወርዶ ነበር። በሽንታቸው ውስጥ! ፊኛ የሚያማትን ሴት ጆሮ የሚያቆም ወሬ ነው። ግን ጥናቱ የተሠራው የአንጀት ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ ነው፤ ስለ ፊኛ ሕመም አልተጠየቁም። ከአንዱ ወደ ሌላው መዝለል ያጓጓል፤ ማስረጃው ግን ገና ድልድዩን አልሠራም። ደግሞም ሽንኩርት የሌለው ወጥ ሥሩ ለሚለው ትእዛዝ በእኛ ማዕድ ቤት ማን እንደሚታዘዝ እንጃ።

በቀጥታ የፊኛ ሕመም ባለባቸው ሴቶች ላይም ፍተሻ ተጀምሯል። በ2016 የታተመ አነስተኛ ጥናት የታማሚዎችን ሰገራ ከጤነኞች ጋር አነጻጽሮ ጥቂት የባክቴሪያ ዓይነቶች ቀንሰው አገኘ። ከነርሱ አንዱ የአንጀትን ግድግዳ የሚመግብ አሲድ የሚሠራው ፌካሊባክቴሪየም ነው። ግን የትኛው ቀደመ? ሕመሙ ባክቴሪያውን ቀነሰ ወይስ የባክቴሪያው መቀነስ ሕመሙን አመጣ? ዓመታት አንቲባዮቲክ የወሰደች፣ ምግቧን የቀየረች፣ እንቅልፍ ያጣች ሴት አንጀት ቢለወጥ አይገርምም። ይህን ለመለየት የኖርዝዌስተርን ተመራማሪዎች ወደ አይጥ ተመለሱ። አንድ ጂን የጎደላቸውና በዳሌ ሕመም የሚሠቃዩ አይጦች የአንጀት ባክቴሪያቸው የተዛባ ነበር፤ ከጤነኛ አይጥ ሰገራ በአፍ ሲሰጣቸው ሕመማቸው ቀነሰ። እንግዲህ ቢያንስ በአይጥ ላይ መንገዱ ከአንጀት ወደ ዳሌ ይሄዳል ማለት ነው።

ይህን ሁሉ የነገርኳችሁ አንድ ነገር ለማለት ነው፤ እርሱም ስለ አንቲባዮቲክ ነው። ጀርም ለሌለበት ሕመም አራተኛ ዙር ሲፕሮፍሎክሳሲን መዋጥ ፊኛውን አያክምም። አንጀት ውስጥ ያሉትን ባክቴሪያዎች ግን ይጎዳል፤ ከፊሎቹ ለመመለስ ወራት ይፈጅባቸዋል። ከሐኪም ትእዛዝ ውጭ ከመድኃኒት ቤት እየገዙ መዋጥ እኛ ዘንድ ብርቅ አይደለም። ጀርሞች መድኃኒቱን እንዲለምዱ ማድረጉ አንድ ጥፋት ነው። ሁለተኛው ጥፋት፣ ምናልባት ሕመሙ ራሱ በሚመላለስበት በአንጀት ላይ መድረሱ ነው። ስለዚህ ሁለተኛ ዙር ከመጀመሩ በፊት ካልቸር ይሠራ። ነገሩን ግን ገልብጣችሁ እንዳትወስዱብኝ፦ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ካለ፣ ወገብ ከጎን ካመመ፣ ወይም ታማሚዋ ነፍሰ ጡር ከሆነች ኢንፌክሽን ቶሎ መታከም አለበት።

ሌላም አለ። በእኛ አገር «የፊኛ ሕመም ሲንድረም ነው» ከማለት በፊት መጣራት ያለባቸው ነገሮች ከአሜሪካው ይለያሉ። በአዋሽ ሸለቆ፣ በዋቢ ሸበሌ አካባቢ ወይም በቤንሻንጉል ኩርሙክ የኖረ ሰው የሽንት ብልሃርዝያ ሊኖርበት ይችላል፤ የሚታወቀውም በሽንት ላይ ደም በማምጣት ነው። የሽንት ቧንቧ ሳንባ ነቀርሳም በተራው ካልቸር ላይ አይበቅልም፤ ነጭ የደም ሕዋስ እየታየ ጀርም ሲጠፋ ሐኪሙ ሊያስበው ይገባል። ጠጠር፣ ስኳር በሽታ፣ የማኅፀን ችግሮች፣ አልፎ አልፎም ካንሰር አሉ።

ምግብን በተመለከተ ደብዳቤ የሚበዛብን እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይ። ከዘጠና በመቶ በላይ ታማሚዎች ሕመሙን የሚያብስባቸው ምግብ ወይም መጠጥ እንዳለ ተናግረዋል። ደጋግመው የሚጠሩት ቡና፣ ብርቱካንና ሎሚ፣ ቲማቲም፣ የሚያቃጥል በርበሬ፣ አልኮል፣ አርቴፊሻል ማጣፈጫ ነው። እኛ አገር ይህ ከአቦል እስከ በረካ፣ ከቀይ ወጥ እስከ ቲማቲም ለብለብ መሆኑ ነው! ሁሉንም ለሁልጊዜ መተው ግን አያስፈልግም፤ ሰውም አይችለውም። ሁለት ሦስት ሳምንት አልጫውን፣ ገንፎውን፣ ቡላውን ይዞ መክረም፣ ከዚያ የተተዉትን አንድ በአንድ፣ በመካከላቸው ጥቂት ቀን እየሰጡ መመለስ። የምታቃጥለው ቡና ብቻ ሆና ከተገኘች በርበሬው ምን አጠፋ? እንጀራ ተዉ የምልበት ምክንያት የለኝም። በጾም ወቅት ምርጫው ስለሚጠብ ሙከራውን ከጾም ውጭ ማድረግ ይሻላል፤ ምግብ አብዝቶ መከልከል ደግሞ ራሱን የቻለ በሽታ ያመጣል።

«ፕሮባዮቲክ ልግዛ?» የሚሉ አሉ። ከላክቶባሲለስ ወገን የሆኑ፣ በካፕሱል የሚሸጡ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ራሳቸው ሂስታሚን ሠሪዎች ናቸው። «ጥሩ ባክቴሪያ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ብልቃጥ ሁሉ ለሁሉም ሰው ጥሩ አይደለም። በኢንተርኔት በውድ የሚሸጡትን የሂስታሚን ኢንዛይም ክኒኖች በተመለከተ፣ ገንዘባችሁን ለምርመራ አስቀምጡት።

ብዙ ሰው ያልሰማው፣ ከክኒንም ይልቅ ጠንከር ያለ ማስረጃ ያለው ሕክምና በእጅ የሚሠራ ነው። ሕመሙ ሲቆይ የዳሌ ወለል ጡንቻዎች ተጨብጠው ይቀራሉ፤ እነርሱም ያማሉ። በ2012 በወጣ ጥናት፣ ሥልጠና ባለው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ እነዚህ ጡንቻዎች እንዲፍታቱ ከተደረገላቸው ሴቶች 59 በመቶው ተሻላቸው፤ ተራ ማሳጅ ከተደረገላቸው 26 በመቶው። ከሃይድሮክሲዚኑ ቁጥር ጋር አስተያዩት። ከወሊድ በኋላ የሚመከረው ጡንቻውን የማጥበቅ እንቅስቃሴ ግን ለዚህ ሕመም አይሆንም፤ የተጨበጠውን ይበልጥ ያስጨብጣል። በዝቅተኛ መጠን በማታ የሚወሰደው አሚትሪፕቲሊንም አለ። ለድብርት የተሠራ ቢሆንም የነርቭ ሕመምን ያበርዳል፣ ሂስታሚንንም ይዘጋል። ሐኪም ሲያዝላችሁ «አበደች ብሎኝ ነው» ብላችሁ አትከፉ።

ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ ሦስት ቀን ሙሉ የመዘገባችሁትን ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ፦ ስንት ሰዓት ሸናችሁ፣ በመለኪያ ስንት ሚሊ ሊትር ሆነ፣ ከዚያ በፊት ምን በላችሁ፣ ሕመሙ ከአሥር ስንት ነበር፣ የወር አበባ ስንተኛ ቀን ነው። የሆድ ምልክትና አለርጂ ካለም ይጻፍ። ቀድሞ የወሰዳችሁትን አንቲባዮቲክ ስም ከነካርቶኑ አምጡ። ደም የቀላቀለ ሽንት፣ ያለ ምክንያት ክብደት መቀነስ፣ ሽንት ጭራሽ እምቢ ማለት ካለ ግን ወረቀቱ ይቅር፤ በዚያኑ ቀን ሂዱ።

በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት የዳሌ ወለል ጡንቻዎችን በቤት ውስጥ እንዴት እንደሚያፍታቱ የሚያስረዳ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ጋብዘናል። ጥያቄዎቻችሁን እስከ ዐርብ ላኩልን።